ኪንታሮት ያለ ቢላ፦ ላስቲክ፣ መርፌ ወይስ ሌዘር?

ቀዶ_ክፍል

በየሳምንቱ «ኪንታሮት ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን» የሚል ማስታወቂያ እዚህ ይለጠፋል፤ ሥሩ ላይ ደግሞ «እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ ይደረደራል። መልሱ በየክሩ ተበታትኖ ስለሚቀር አንድ ቦታ እናድርገው። ሙያው ያላችሁ አርሙኝ፣ ጨምሩበት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ኪንታሮት» በእኛ አፍ ብዙ ሸክም አለበት። እጅ ላይ የሚወጣው ደረቅ ኪንታሮት ከቫይረስ ነው፤ ፊንጢጣ ዙሪያ እንደ አበባ ጎመን የሚያቆጠቁጠውም የዚያው ዘመድ ነው። ፊንጢጣ ሲሰነጠቅም፣ መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ሲከፈትም ሰው «ኪንታሮት ያዘኝ» ይላል። እዚህ የምናወራው ስለ ሄሞሮይድ ብቻ ነው። ይህ ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው፣ አየርና ፈሳሽ እንዳያመልጥ ፊንጢጣን የሚያሽግ የደም ሥር ትራስ ነው። በሽታ የሚሆነው ሲያብጥና ደግፎ የያዘው ሥጋ ላልቶ ወደ ታች ሲንሸራተት ነው።

መለያው ብዙ አያስቸግርም። ሰገራ ሲወጣ እንደ ምላጭ ቆርጦ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚያቃጥል ከሆነ ስንጥቅ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የውስጥ ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ደማቅ ቀይ ደም ከሰገራው በኋላ ጠብ ጠብ ይላል፣ ወይም የሚወጣ ነገር ይኖራል። በአንድ ሌሊት ጠርዙ ላይ እንደ ወይን ፍሬ ያበጠ፣ ሰማያዊ፣ መቀመጥ የሚከለክል ነገር ከወጣ ደግሞ የውጭው ኪንታሮት ውስጥ ደም ረግቷል ማለት ነው። ሦስቱም ሕክምናቸው ለየቅል ነው።

ሁሉንም የሚወስነው አንድ መስመር ነው። ከፊንጢጣ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ «ዴንቴት ላይን» የምንለው ድንበር አለ። ከእሱ በላይ ያለው ሥጋ ቢቆነጠጥም ቢወጋም የሕመም ስሜት የለውም፤ ከእሱ በታች ያለው እንደ ጣት ጫፍ ንቁ ነው። ያለ ማደንዘዣ አልጋ ላይ የሚሠሩት ሕክምናዎች ሁሉ ከመስመሩ በላይ የሚሠሩ ናቸው። «የውጭውን ኪንታሮት በላስቲክ አሥርልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አንሡ።

ደረጃውን በአጭሩ፦ 1ኛ ይደማል እንጂ አይወጣም። 2ኛ ሲያምጡ ይወጣል፣ በራሱ ይመለሳል። 3ኛ በጣት ካልተመለሰ አይገባም። 4ኛ ቢመልሱትም አይገባም። ላስቲክ ከ1ኛ እስከ 3ኛ፣ መርፌና ኢንፍራሬድ (በሙቀት ጨረር ማቃጠል) ለ1ኛና ለ2ኛ፣ ሌዘርና በዶፕለር (ደም ሥሩን በድምፅ ሞገድ በሚያገኝ መሣሪያ) የሚደረገው የደም ሥር መቋጠር ለ2ኛና ለ3ኛ ይሞከራሉ። 4ኛ ደረጃ ከሆነ፣ ወይም የውስጡና የውጭው አብረው ካበጡ፣ ከ1937 ጀምሮ የሚታወቀው የሚሊጋንና የሞርጋን ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ ቦታውን አልለቀቀም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ላለው መጀመሪያ ምግብና የሽንት ቤት ልማድ፣ ካልበቃ ላስቲክ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።

---

ጠያቂ_አዳማ

ዶክተር እናመሰግናለን። ላስቲክ ማሠር ማለት በክር ማሠር ነው? አልጋ ያስይዛል?

---

ጓንት_7_ተኩል

ክር አይደለም። ስትዘረጋ የምትለጠጥ፣ ስትለቀቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ክፍት የሚቀርባት ወፍራም የላስቲክ ቀለበት ናት። ኪንታሮቱ ራሱ ላይ ሳይሆን ከሱ በላይ፣ ሥሩ ጋ ነው የምትታሠረው። ደም ስለሚያጣ የታነቀው ሥጋ ይሞትና ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ብዙ ሰው ሲወድቅ እንኳ አያየውም። ቦታው ላይ የሚቀረው ጠባሳ የላላውን ሥጋ ወደ ላይ ያጣብቀዋል፤ የሕክምናው ቁም ነገር ይህ ጠባሳ ነው። ባሮን የሚባለው ሐኪም በ1963 ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

አልጋ አያስይዝም፣ ማደንዘዣም የለውም። የተመላላሽ ክፍል ውስጥ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ታካሚው ተጸዳድቶ ይመጣል። በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያጥፋል፣ መቀመጫው የአልጋው ጠርዝ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ በጣት ይመረመራል፤ ይህ የማይታለፍ ነው፣ ምክንያቱም ዝቅ ብሎ ያለ ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህች ጣት ነው። ከዚያ ፕሮክቶስኮፕ (የፊንጢጣን ውስጥ ማያ አጭር ቱቦ) በጄል ተለውሶ ይገባል፣ ብርሃን ይበራል፣ ትራሶቹ ይታያሉ። የተለመደው ቦታቸው፣ ሰው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ከፍቶ እንደ ሰዓት ሲታይ፣ 3፣ 7 እና 11 ላይ ነው።

ማሠሪያው ሁለት ዓይነት ነው። በመቆንጠጫ የሚሠራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ፕሮክቶስኮፑን ይይዛል። በመምጠጫ የሚሠራውን አንድ ሰው ይችለዋል። በሁለቱም ግን ላስቲኩ ከመለቀቁ በፊት ሥጋው ተይዞ «ይቆነጥጥሃል? ያምምሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ካመመ ተለቅቆ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ተብሎ እንደገና ይያዛል። ከመስመሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን አለበት፤ 2 ቢሆን ይመረጣል። ጥሩ የታሠረ ሥጋ ክብ ሆኖ፣ አንገቱ ተሸምቅቆ፣ የበሰለ ቼሪ ይመስላል።

ከማሠሩ ይልቅ ጣጣው ዝግጅቱ ላይ ነው። ላስቲኩን በሾጣጣው መጫኛ ላይ ስትገፉ ቫዝሊን አትጠቀሙ። ቫዝሊንና ዘይት ላቴክስ ይበላሉ፤ ቀለበቷ ታካሚው ቤት ከደረሰ በኋላ ትበጠሳለች። ውኃ ያለበት ጄል ብቻ። ሙቀት ያለበት መጋዘን የከረመ ላስቲክም እንደዚያው ነው፦ ጎትታችሁ ስትለቁት በፍጥነት ካልተሸመቀቀ ጣሉት። ብዙዎች አንዷ ብትበጠስ ሁለተኛዋ እንድትይዝ ሁለት ቀለበት ደርበው ይጭናሉ። ታካሚው ለላስቲክ ጓንት ወይም ለፊኛ የሚያሳክከው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሆነ ላቴክስ የሌለው ቀለበት አለ።

በአንድ ቀን ስንት ይታሠራል? አንዳንዱ ሦስቱንም ያሥራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከ4 ሳምንት በኋላ ይሁን፤ ያልዳነ ቁስል አጠገብ ማሠር ሕመሙን ያባብሳል።

---

ጠያቂ_አዳማ

ከታሠረ በኋላስ ምን ያህል ያማል? መቼ ነው የሚያሰጋው?

---

ጓንት_7_ተኩል

ሁለት ዓይነት ሕመም አለ፣ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው «ሰገራዬ መጣ» የሚል የመሙላት ስሜትና ድንዙዝ ሕመም ነው። 1 ወይም 2 ቀን ይቆያል። ሰውዬው ሰገራ መስሎት ሽንት ቤት ገብቶ ያምጣል፤ ሲያምጥ ይባስ ያብጣል። ስሜቱ የላስቲኩ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው ሁሌም የሚሠራት ስሕተት ይህች ናት። ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ 10 ወይም 15 ደቂቃ መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ያስታግሳል። ጨው፣ ዴቶል፣ ምንም አይጨመርበት። ንጹሕ ውኃ ብቻ።

ሁለተኛው ላስቲኩ እንደተለቀቀ ወዲያው የሚመጣ፣ የሚያስጮህ ሕመም ነው። ይህ «ቻለው» የሚባል አይደለም፤ ላስቲኩ ከመስመሩ በታች ወርዷል ማለት ነው። ታካሚው ከአልጋው ሳይወርድ በመንጠቆ ወይም በጫፏ ቀጭን መቀስ ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ከታሠረ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቁጭ ብሎ መቆየት ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ሲነሣ ያዞረውና ይወድቃልም። እግሩን ከፍ አድርጎ ማስተኛት ይበቃዋል።

---

ሐይቅ_ዳር

እህቴ ያለችው ላይ ከአገራችን ሁኔታ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ላስቲኩ በሚወድቅበትና ቁስሉ በሚድንበት ጊዜ፣ ማለትም ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ከ100 ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ከፍ ያለ መድማት ይመጣል። ከገጠር መጥቶ ታሥሮ በማግሥቱ በአውቶቡስ የሚመለስ ሰው የሚደማው ሆስፒታል በሌለበት ቀበሌ ነው። ቀጠሮ ስትሰጡ ይህን አስሉ፦ ወይ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ወይ ደም ቢመጣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ በወረቀት ተጽፎለት ይሂድ። በዚያ ሁለት ሳምንት ኩንታል መሸከም፣ ረጅም መንገድ መሄድ ይቅርበት።

ሌላው ከመድማት የከፋና እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሦስት ነገር አብሮ ከመጣ፣ ማለትም እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ትኩሳትና ሽንት አልወጣ ማለት፣ ዳሌ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል። ፀረ ተሕዋስያን በደም ሥር ይሰጠዋል፣ በማደንዘዣ ይመረመራል። «ነገ እሄዳለሁ» ሰው ይገድላል። የበሽታ መከላከል አቅሙ የወረደ ሰው፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ኖሮበት ሲዲ4 (የመከላከያ ሕዋሱ ቁጥር) ያነሰ፣ ወይም ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ላስቲክ ከማሰቡ በፊት መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

---

መድኃኒት_ቤት_ጥግ

ከመድኃኒት ወገን ብዙ የሚሳሳቱበትን ላስቀምጥ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። ትራማዶልና ኮዴን አይሁን፤ ሁለቱም አንጀት ያደርቃሉ፣ የደረቀ ሰገራ ደግሞ አዲሱን ቁስል ይቀደዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድማት ስለሚያግዙ ከማሠር በኋላ ባይሆኑ ይሻላል። ሰገራ ማለስለሻ ላክቱሎዝ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፤ ሆድ ከነፋ መጠኑ ይቀነሳል።

ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሰው ወራት ይቀባል። ከ7 ቀን በላይ አይሁን፤ ቆዳው ይሳሳል፣ ከዚያ ማሳከኩ በራሱ በሽታ ይሆናል።

ዳዮስሚን የሚባለው እንክብል (450 ሚሊ ግራም ዳዮስሚን ከ50 ሄስፔሪዲን ጋር) በመድማት ጊዜ ይረዳል። አወሳሰዱ ግን እንደ ፓራሲታሞል አይደለም፦ ለ4 ቀን በቀን 6 ፍሬ፣ ለቀጣዩ 3 ቀን በቀን 4 ፍሬ። በቀን አንድ እየዋጡ «አልሠራልኝም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ደም የረጋበት የውጭ ኪንታሮት ላይ ላስቲክም መርፌም የለም። ከጀመረው 72 ሰዓት ካልሞላው በአካባቢ ማደንዘዣ ቆርጦ ማውጣት ያስታግሳል። ካለፈ በራሱ ስለሚቀልጥ ሳፋ፣ ማለስለሻ፣ እንዲሁም ኒፌዲፒን 0.3 ከመቶ ከሊዶኬይን 1.5 ከመቶ ጋር የተቀመመ ቅባት በቀን ሁለቴ ለ2 ሳምንት። ይህ ቅባት ተዘጋጅቶ ካልተገኘ መቀመም የሚችል መድኃኒት ቤት ጠይቁ።

ደም ያነሳቸው ሰዎች አይረን ይታዘዝላቸዋል፤ አይረን ደግሞ ያደርቃል። በየቀኑ ከመዋጥ አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ ሆድን ያቀላል፣ ሰውነት የሚወስደውም አይቀንስም። በእሱ ምክንያት ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ።

---

ሐይቅ_ዳር

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱትን ረሳህ ወንድሜ። እኛ አገር በልብ ሩማቲዝም ቫልቭ ያስቀየሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹ ዋርፋሪን ላይ ናቸው። ላስቲክ ለመታሠር ብሎ ዋርፋሪኑን በራሱ የሚያቆም ሰው ቫልቩ ላይ ደም ይረጋበታል፤ ስትሮክ ያመጣል። ማቆም ካስፈለገ የሚወስነው የልብ ሐኪሙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ከላስቲክ ይልቅ መርፌ ወይም ኢንፍራሬድ ይታሰብ።

---

ቀዶ_ክፍል

ትክክል ነው፤ መርፌው ዝርዝር ይፈልጋል።

5 ከመቶ ፌኖል በአልሞንድ ዘይት፣ ለአንድ ትራስ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከትራሱ በላይ፣ ሽፋኑ ሥር ይወጋል። ዐይን ያለው ሰው የት እንደገባ ያውቃል፦ ቦታው ወዲያው እንደ ወረቀት ከነጣ ከላይ ቀርቷል፣ ያቆስላል። ምንም ካልተነፋ ጠልቋል። በትክክል ሲገባ ሥጋው በዝግታ ያብጣል፣ የደም ሥሮቹ መስመር ከላይ ይታያል፣ ታካሚውም አያመውም። ካመመው ያቁሙ። ወንድ ላይ ከፊት በኩል ያለው ትራስ ፕሮስቴት አጠገብ ነው፤ ጠልቆ የሄደ ፌኖል ሽንት በደም ያስሸናል፣ ፕሮስቴት ያቃጥላል፣ የወንድነት ችግርም አምጥቶ ያውቃል። ዘይቱ የአልሞንድ ስለሆነ የለውዝ ዘር አለርጂ ያለበት ሰው ይህ አይሆነውም፤ በእሱ ፋንታ የፖሊዶካኖል አረፋ አለ።

ኢንፍራሬዱ የዋህ ነው። ጫፉ ሥጋውን ነክቶ ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ይለቀቃል፣ በአንድ ትራስ ዙሪያ ሦስት አራት ነጥብ። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ነው የሚያቃጥለው። የሚደማ፣ የማይወጣ ኪንታሮት ላይ ጥሩ። ለሚወጣ ግን ደካማ ነው፣ አትክፈሉበት።

---

አዲስ_ጨረር

ዶክተር ሌዘርን ዝቅ አድርገው ያዩታል። ሕመሙ ከቀዶ ሕክምና እጅግ ያነሰ ነው፣ ሰው በጥቂት ቀናት ሥራ ይገባል። ለምን ያስፈራሉ?

---

ቀዶ_ክፍል

አላስፈራም። ማስታወቂያው ላይ «ሌዘር» የሚለው ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ይሸፍናል፣ እሱን ነው የምቃወመው።

አንደኛው፣ 1470 ናኖ ሜትር ዲዮድ ሌዘር ነው። ከፊንጢጣ ጠርዝ ቆዳ ላይ መርፌ የሚያህል ቀዳዳ ይከፈትና ጨረሩን ዙሪያውን የሚረጭ ቀጭን ፋይበር ትራሱ ውስጥ ይገባል፤ ከውስጥ ያጨማድደዋል። ሥጋ አይቆረጥም። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለ2ኛና ለ3ኛ ደረጃ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የወገብ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል፤ ከላስቲክ ጋር ስታወዳድሩት ይህን አትርሱ። ፋይበሩ ከላይ ከቀረ ሽፋኑን ያቃጥላል፣ ጠልቆ ከሄደ ሰገራ የሚይዘውን ጡንቻ ይነካል። ኃይሉ ሲበዛ እብጠትና የደም መርጋት ያመጣል፤ ሁለት ሳምንት «ከበፊቱ ባሰብኝ» ያሰኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያጨማድዳል እንጂ በብዛት የሚወጣውን ሥጋ ወደ ላይ አይሰቅልም፣ የተንጠለጠለ ቆዳም አያስወግድም። ሲመለስ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው፣ ሌዘርን እንደ ቢላ ተጠቅሞ ኪንታሮቱን መቁረጥ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቁስሉም ሕመሙም እንደዚያው። «ያለ ቀዶ» ብሎ መሸጥ አይገባም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ፦ የኔ ስንተኛ ደረጃ ነው? ሌዘሩ ከውስጥ ያጨማድዳል ወይስ ይቆርጣል? ላስቲክ የማይሆነኝ ለምንድን ነው? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ ሰው የሚሸጠው የማሽኑን ዕዳ ነው።

---

አዲስ_ጨረር

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ከበደች እንጂ የቀረውን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን፦ ላስቲክም ይመለሳል።

---

ስኮፕ_ሜሪላንድ

ይመለሳል፣ ቁጥሩም አለ። እንግሊዝ አገር በ372 ሰው ላይ ተሠርቶ በ2016 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት አንድ ጊዜ ላስቲክ የታሠሩትን በዶፕለር ደም ሥራቸው ከተቋጠረላቸው ጋር አወዳድሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከላስቲኮቹ 49 ከመቶ፣ ከዶፕለሮቹ 30 ከመቶ ተመልሶባቸዋል። ይህን ብቻ ያነበበ «ዶፕለር ያሸንፋል» ይላል። ቀጥሎ ያለውን ያንብብ፦ ላስቲክ እንደገና መታሠርን እንደ ውድቀት ካልቆጠርነው የላስቲኩ ወደ 37.5 ይወርዳል፣ ልዩነቱም ትርጉም ያጣል። ዶፕለሩ ደግሞ ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ያማል፣ በዋጋም ይበልጣል። ላስቲክ ሲባል አንዴ ታሥሮ የሚረሳ ሳይሆን ሁለት ሦስት ዙር የሚሄድ ሕክምና ተደርጎ ይታሰብ።

ሥጋውን በማሽን ቆርጦ የሚሰፋው ስቴፕለርም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ1998 ሎንጎ ሲያስተዋውቀው ቀዶ ሕክምናን ይተካል ተብሎ ነበር። በዚያው 2016 የወጣው የ777 ሰዎች ጥናት እንዳሳየው ስቴፕለር መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ቢያንስም በሁለት ዓመቱ ከተለመደው ቀዶ ሕክምና ይልቅ ተመላሹ በዝቷል፣ ወጪውም ከፍ ብሏል። «ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፣ መያዝ አልችልም» የሚል ቅሬታም ይከተለዋል። ትንሽ ቁስል ያለው ሁሉ ትንሽ ሕክምና አይደለም።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፦ የላስቲክ ማሠሪያው የሒሳብ ኮድ 46221 ነው፤ ለኢንሹራንሳችሁ ደውላችሁ ኮዱን ስጧቸውና ድርሻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዕድሜያችሁ 45 ከሞላ ደግሞ ደሙ ከኪንታሮት ቢመስልም ኮሎኖስኮፒው (አንጀትን በካሜራ ማየቱ) ይቅደም፤ ከ2021 ጀምሮ የመደበኛ ምርመራው መነሻ ዕድሜ 45 ነው።

---

ሐይቅ_ዳር

ዕድሜው ባይሞላም፣ ደሙ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ፣ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ ያው ነው።

ጣና ዳር ላለ ሐኪም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በአካባቢው ያለው የአንጀት ቢልሃርዚያ ራሱ በሰገራ ደም ያመጣል፤ የሰገራ ምርመራ ሳይደረግ «ኪንታሮት» ተብሎ መታከም የለበትም። ሲቆይ ደግሞ ጉበትን ይጎዳና የሆድ ደም ሥሮች ግፊት ይጨምራል፤ ሄፓታይተስ ቢም ወደዚያው ያደርሳል። ያን ጊዜ ፊንጢጣ ውስጥ የሚያብጡት ደም ሥሮች ኪንታሮት አይደሉም፣ ቫሪስ ናቸው። ከመስመሩ ተሻግረው ወደ ላይ ይዘልቃሉ፣ ሰማያዊ ናቸው፣ ሲጫኗቸው ይሟሽሻሉ፣ ሲያምጡ ግን ወደ ውጭ አይወጡም። እነሱን ኪንታሮት ብሎ በላስቲክ ማሠር ለማቆም የሚያስቸግር መድማት ሊከፍት ይችላል። ሆዱ ውኃ የያዘ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ደም አስታውኮ የሚያውቅ ሰው ከመጣ ማሠሪያውን አስቀምጡት።

---

ተልባ_ውኃ

ሁላችሁም «ምግብ ይቅደም» ብላችሁ አለፋችሁት። በቁጥር እንነጋገር። ዒላማው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር ነው። ይህን መጨመር ብቻውን መድማቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል፤ ውጤቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ በሦስት ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር 15 ግራም ገደማ፣ አንድ ስኒ የተቀቀለ ሽምብራ 12 ገደማ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ወደ 3 ግራም። ተልባውን ቆልታችሁ ወቅጡት፤ ሳይወቀጥ የተዋጠ ፍሬ እንዳለ ይወጣል። አንድ ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ፣ ጠዋትና ማታ። ውኃው ካነሰ ተልባም ኢስፓጉላም (ውኃ የሚመጥ የፋይበር ዱቄት) ወፍረው አንጀት ውስጥ ይቆማሉ፣ ድርቀቱን ያባብሳሉ። በጾም ወቅት ሽሮውና ምስሩ አለ፤ የሚጎድለው ውኃው ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጣ ይውላል። ሲፈቱ በቡና ከመጀመር በውኃ ጀምሩ። በረመዳንም ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ያለውን የመጠጫ ሰዓት አታባክኑት።

ሚጥሚጣ ኪንታሮት አያመጣም። ቁስል ወይም ስንጥቅ ላለበት ግን ሲወጣ ያቃጥላል፤ ለዚያ ሰሞን ይቀነስ።

ስልክ ይዞ ሽንት ቤት መግባት ይቁም። 5 ደቂቃ ካለፈ ተነሡ፣ ሲመጣ ተመለሱ። የሸክላ መቀመጫ የሚጠቀም ሰው እግሩ ሥር ዱካ ያድርግ፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል።

---

ጠያቂ_አዳማ

የባህል ሐኪም ጋ ሄዶ በሚቀባ መድኃኒት «ከነሥሩ ወደቀ» የሚባለውስ?

---

ቀዶ_ክፍል

የሚወድቀው የተቃጠለ ሥጋ ነው። የሚያቃጥል ቅባት ኪንታሮቱንና ጤናማውን ቆዳ አይለይም፤ ዙሪያውን ያቆስላል። ዙሪያውን የቆሰለ ፊንጢጣ ሲድን እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል። ከወራት በኋላ ሰገራው እንደ እርሳስ ቀጥኖ የሚመጣ ሰው ይህ ነው። መክፈቱ ኪንታሮቱን ከማከም እጅግ ይከብዳል።

---

አስተርጓሚ_ሐይፋ

እስራኤል ላሉ ወገኖች አንዲት የቋንቋ ነገር። በዕብራይስጥ የፊንጢጣው «ጠሖሪም»፣ የቆዳው «ያባሎት» ነው። እኛ ለሁለቱም «ኪንታሮት» ስለምንል በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ቦታውን ካልጠየቀ አዛውንት እናቶች ቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል። እማማ ቦታውን መጥራት ያፍራሉ፣ «እታች» ብለው ያልፉታል። «ሲጸዳዱ ደም ያያሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚህች ይከፈታል። በሆስፒታል የሚሠራ ከሆነ ከቁፓት ሖሊም (ከጤና መድኑ) ቶፌስ 17 (የክፍያ ዋስትና ወረቀቱ) አስቀድሞ ይውጣ።

---

ጠያቂ_አዳማ

የመጨረሻ ጥያቄ። በ9ኛው ቀን ደም ቢመጣ እቤት ምን ይደረጋል?

---

ጓንት_7_ተኩል

ጥቂት ጠብታ ወይም ወረቀት ላይ የሚታይ ከሆነ የሚጠበቅ ነው፦ በጎን መተኛት፣ ማለስለሻውን መቀጠል፣ አለማማጥ። ደሙ ሲረጋ በቁራጭ ቁራጭ የሚወጣ ከሆነ፣ ሰገራ ሳይኖር ደም ብቻ ሁለቴ ከመጣ፣ ወይም ሲነሡ የሚያዞር ከሆነ ወዲያው ሆስፒታል። ጥጥ ወይም ጨርቅ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ደሙ ወደ ላይ ይጠራቀማል እንጂ አይቆምም። ሽንት ቤት ላይ ቁጭ ብሎ «ይቁም እንደሆነ ልይ» ማለትም አይሠራም።

ለሚቀበለው የድንገተኛ ክፍል ባልደረባ፦ ሰፊ ካኑላ፣ የደም ዓይነት፣ ከዚያ ፕሮክቶስኮፕ። የሚደማው ነጥብ ከታየ በክር ይሰፋል። የሚሰፋው ሐኪም እስኪደርስ ትልቅ ፎሊ ካቴተር (ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው የሽንት ቱቦ) አስገብታችሁ ፊኛውን በ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ሙሉና ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ በፕላስተር ጭኑ ላይ አስይዙት፤ ፊኛው ቦታውን ይጫነዋል። ታካሚው የታሠረበትን ቀንና የትራሱን ቁጥር የያዘች ወረቀት ይዞ ከመጣ ፍለጋው ያጥራል፣ ስለዚህ የምታሥሩ ሰዎች «3፣ 7፣ 11» ብላችሁ ጻፉለት።